የቺፑድ ሳጥን፣ 48 እንቁላልና 40 መልስ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሑድ ማታ፣ ሱሉልታ፣ መብራት ተመልሶ ዋይፋዩ ገና ሲነሳ። መድረኩ ዶሮ አርቢዎች የሚሰባሰቡበት ነው። አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነን፤ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ። ሦስት አራት መልስ ባገኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ይህን ስጽፍ 40 ደርሷል። መሐል ላይ የገባ ሰው ምን እየተባለ እንደሆነ ስለሚጠፋው፣ ከላይ ጀምሬ ልተርክ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። በቺፑድ የሠራሁት የጫጩት መፈልፈያ አለኝ። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም እንደዚያው። በግራው ግድግዳ፣ ከላይ በኩል፣ ሁለት ባለ 40 ዋት ቢጫ አምፖል ገጥሜያለሁ። ቀኙ ጎን የክፍሉን የብሎኬት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፋን የለውም። የእንቁላሉ መደርደሪያ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የግራው ቴርሞሜትር 39 ሲል የቀኙ 35 ይላል። ካስገባሁት 48 እንቁላል የተፈለፈለው 17 ብቻ ነው። የግራው ረድፍ በ20ኛው ቀን ወጥቶ አለቀ። የቀኙን እስከ 23ኛው ቀን ጠበቅኩት፤ ሁለት ጫጩት ሰጠኝ፣ አንዷም እግሯ አልጸናም። ሦስተኛ አምፖል በቀኝ ልጨምር ወይስ ያሉትን በ60 ዋት ልቀይር?

1ኛው መልስ ከአንዲት እናት መጣ። ልጄ ብለው ጀምረው፣ እንቁላሎቹን በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ አይቻቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘር ያልያዘ እንቁላል የቱንም ያህል ቢሞቅ ጫጩት እንደማይሆን አስታወሱኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

2ኛው መልስ ሳጥኑን ትቼ የተሠራ ማሽን እንድገዛ መከረኝ። 3ኛውም ያንኑ መከረኝ፤ የሚሸጠው ግን ራሱ ነበር። ስልክ ቁጥሩን አስተዳዳሪው አጠፋው።

4ኛው ጉዳዩን ቀላል አደረገው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መደርደሪያውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው አለ፣ በቃ። 5ኛው ግን እዚህ ላይ ያዘው፤ በትሕትና ነው የያዘው። በሙያው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚገጥም ሰው መሆኑን ገልጾ፣ እውነቱ ግማሽ ነው አለ። አየር ሲሞቅ ይላላል፣ ይቀላል። የቀዘቀዘው ይከብድና ይወርዳል፣ ሲወርድ ሞቃቱን ከስሩ ገፍቶ ያነሳዋል። ስለዚህ ከሙቀቱ መጠን በፊት መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ከየት በኩል እንደሚገባ ነው። ከታች ከገባ አየሩ ይገለባበጣል። ከጎን ከገባ ይዞራል፤ በሞቀው ግድግዳ በኩል ወጥቶ በቀዝቃዛው በኩል ይወርዳል። ከላይ ከገባ ግን ሞቃቱ አናት ላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ታች ይተኛል፣ የሚነቃነቅ ነገር የለም።

ምሳሌው የድፎ ዳቦ ነበር። ከታች እሳት አለ፣ ከላይ ደግሞ በክዳኑ ላይ ፍም ይጫናል። የላዩ ፍም ዳቦውን የሚያበስለው አየሩን አሙቆ ወደ ታች በመላክ አይደለም። የጋለው ክዳን በጨረር ነው የሚያበስለው፣ እንደ ፀሐይ። የእኔ አምፖሎች ከጎንም ቢሆን አናት ላይ ስለተሰቀሉ ከላይ እንደ ማሞቅ ይቆጠራል አለ። ከአምፖሉ በታች ያለው አየር ዞሮ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም።

ደህና ሄዶ ሳለ 6ኛው የድፎ ዳቦ ክዳን ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰው መለሰለት፤ ያንን አልቆጥረውም።

7ኛው መምህር ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ጀመረው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤናር በ1900 ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ከታች እያሞቀ ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች እንዳየ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌ በ1916 ሒሳቡን ሠራለት። በእሱ ስም የሚጠራ ቁጥር አለ፤ ቀላሉ አየር ለመነሳት የሚገፋበትን ጉልበት፣ አየሩ እርስ በእርሱ ከሚጓተትበትና ሙቀቱን ከሚያባክንበት ጋር ያወዳድራል። ከላይና ከታች በጠንካራ ሰሌዳ በተዘጋ ንጣፍ ቁጥሩ 1,708 እስኪደርስ ፈሳሹ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መጀመሪያ ያንተን ቁጥር አስላ አለኝ።

8ኛው ትሕትና አላወቀም። 1,708 ከታች ለሚሞቅ ነው፣ የልጁ ሳጥን የሚሞቀው ከጎን ነው፣ ምን አገናኛቸው አለ። ግድግዳና ግድግዳ ከተበላለጡ በትንሿ ልዩነትም ቢሆን አየሩ መዞር ይጀምራል፣ መነሻ ገደብ የለውም። አልፎም የቤናር ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች በአብዛኛው የመጡት ከፈሳሹ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ላዩን እንደ ቀጭን ቆዳ ከሚወጥረው ጉልበት፣ እንደነበር ኋላ ላይ ታውቋል፤ የእሱ ንጣፍ ላዩ ክፍት ነበርና። መምህሩ በ9ኛው መልስ እርማቱን ተቀበሉ። ከመቀበላቸው በፊት ግን ስለ ዘመኑ ወጣት ሥነ ምግባር አንድ አንቀጽ ጻፉ።

10ኛዋ ከሰበታ ናት፣ ዶሮም የላትም። አዲስ የሠራችው ቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ኮርኒስ ገና አልገባለትም። ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ጠዋት ከቆርቆሮው ጠብታ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ይህ ነገር ከሳጥኑ ጋር ይመሳሰላል ወይ ብላ ጠየቀች። ከርዕስ የወጣች መስሎን ነበር። ግን ከመልሶቹ ሁሉ ለእኔ ብዙ ያስተማረኝ ለእሷ የተሰጠው መልስ ነው።

11ኛው፣ ያው 5ኛው ሰውዬ፣ እንዲህ አብራራላት። ቀን ቆርቆሮው ከላይ ይግላል። ከሥሩ ያለው አየር ሞቆ እዚያው ይለጠፋል፣ አይወርድም። እሷን የሚያቃጥላት ቆርቆሮው ቁልቁል የሚልከው ጨረር ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ለቆ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። የነካው የክፍሉ አየር ይከብድና ይወርዳል፣ ከታች ሞቃቱ ይተካል፣ እሱም በተራው ይቀዘቅዛል። እርጥበቱም ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ ቀን ጥሩ መከላከያ ነው፣ ሌሊት ግን ያን ያህል አይደለም። ቦታው አንድ ነው፣ ሙቀቱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው የተለወጠው። ለቀኑ ቆርቆሮው ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር፣ ለሌሊቱ ኮርኒሱ ላይ ወፈር ያለ ስፖንጅ መሰል ነገር እንድታደርግ መከራት። አመሰገነችው። ከዚያ በኋላ አላየናትም።

12ኛው ለእኔ ሳጥን የሬይሌን ቁጥር አሰላው። ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳዎቹ ልዩነት 10 ዲግሪ ቢሆን ወደ 100 ሚሊዮን ይመጣል። ስለዚህ አየር ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ያበቃለት ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የት ይዞራል ነው አለ። አንዱ ጎኑ ሙቅ፣ ተቃራኒው ቀዝቃዛ፣ ላይና ታቹ ሙቀት የማያሳልፍ አራት ማዕዘን ሳጥን በዓለም ብዙ የተሰላ ነገር መሆኑንም ነገረን። ግራሃም ደ ቫል ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ በ1983 ማነጻጸሪያ ቁጥሮች አውጥቷል። የሬይሌ ቁጥር 1 ሚሊዮን ሲሆን የሚዞረው አየር የሚያሻግረው ሙቀት፣ አየሩ ቆሞ ቢሆን ከሚያሻግረው 8.8 እጥፍ ነው። ይህ ግን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ እኩል ሲሞቅ ነው። የግድግዳው ቁራጭ ብቻ ከሞቀ ቁራጩ ከፍ ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለው አየር እየተረሳ ይሄዳል።

13ኛው ሱሉልታን አስገባ። እኛ ያለነው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። አየራችን ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ያው ሳጥን ባሕር ዳርቻ ላይ ቢቀመጥ የሬይሌ ቁጥሩ ወደ 170 ሚሊዮን ይጠጋል። አየሩ የሚሸከመው ሙቀት ከእኛ ዘንድ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ስለዚህ የውጭ ሰዎች የሚጽፉት መመሪያ ለእኛ አይሠራም ብሎ ደመደመ። 14ኛው፣ ያ ባለጌው፣ ተመልሶ መጣ። ከፍታው ግራና ቀኙን እኩል ነው የሚጎዳው፣ ቀኙ ለምን 4 ዲግሪ ወረደ ለሚለው መልስ አይሆንም አለ። ባለጌ ነው፣ ግን ልክ ነው። እየቆየሁ ስሄድ ይህን ሰውዬ እየወደድኩት መጣሁ።

15ኛዋ በዚሁ ከፍታ ነገር ላይ ጠቃሚ ነገር ጣለች። በሳሳ አየር እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ቶሎ ውኃ ያጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ የውኃው ሳህን ሰፋ ማለት አለበት። እሷ ከ18ኛው ቀን በኋላ፣ ማገላበጡ ሲቆም፣ ሁለተኛ ሳህን ትጨምራለች። እኔ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ ነበር የማስቀምጠው። አልነገርኳትም።

16ኛው ወሬ ይብቃ አለ። ሳጥኑን ባዶ አድርግ፣ ሰንደል ለኩስ፣ ጭሱን እይ። 17ኛዋ እንቁላል ላይ ጭስ እንዴት ይደረጋል ብላ ተቆጣች። ባዶ የሚለውን ቃል አላነበበችም። 18 እና 19 በዚሁ ተጨቃጨቁ። እኔ ግን ሰንደል ልገዛ ወጥቻለሁ።

ማክሰኞ ማታ ነው። የሳጥኑ በር መስታወት አለው፣ የድሮ መስኮት ቁራጭ ነው። አምፖሎቹ ሁለት ሰዓት በርተው ቆዩ። ክፍሉን አጨለምኩ፣ ሰንደሉን በአየር ቀዳዳው አስገብቼ የስልኬን ባትሪ በጎን አበራሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ተነሳ። መደርደሪያውን አለፈ። ከዚያ የአምፖሎቹ ግርጌ አካባቢ ሲደርስ ቆመ። በጣሪያ የተመታ ነው የሚመስለው፣ ጣሪያው ግን ገና 20 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። እዚያው ተንጣለለ፣ ቀጭን አንሶላ ሆኖ ወደ ቀኝ ሄደ። ከእሱ በላይ ያለው አየር ንጹሕ ነው፣ ጭስ አይገባበትም። ቀኙ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ታኮ ቁልቁል ፈሰሰ፣ እንደ ወተት። ወለሉ ላይ ተኛ፣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ተሳበ። የቀኙ ረድፍ እንቁላል የነበረበት ቦታ ልክ የሚፈሰው ቀዝቃዛ አየር መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ያሳዝናሉ አለች። ጫጩቶቹን ማለቷ ነው።

ያየሁትን ጻፍኩ፣ 20ኛው መልስ የራሴ ነው። ከዚያ ነገሩ ፈጠነ።

21ኛው አንድ ነገር ቀረህ አለኝ። አምፖሎቹ አየሩን ካላዞሩ የግራው ረድፍ እንዴት 39 ደረሰ? እንቁላሎቹ አምፖሉን ፊት ለፊት ያዩታል፣ በጨረር ነው የሚሞቁት፤ ቴርሞሜትሩም እንደ እንቁላሉ። በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ በጨረር የሚሄደው ሙቀት በአየር ከሚሄደው አያንስም፣ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በአምፖሉና በእንቁላሉ መካከል ቆርቆሮ ጋርድ፣ ከታችም ከላይም ክፍት ተወው አለ። ያኔ ከቆርቆሮው ኋላ ያለው ቦታ እንደ ጭስ መውጫ ይሆናል፤ የወለሉን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ይስባል፣ አሙቆ በላይ ይተፋዋል። አምፖሉንም ወደ ታች አውርደው።

ከ22 እስከ 25 ያሉት በሙሉ ፋን ግጠም የሚሉ ናቸው። የኮምፒውተር ፋን፣ መርካቶ ሞልቷል። እኔም ለመከራከር ያህል፣ መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ያኔ ሳጥኑ ወደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ጻፍኩ። 26ኛው፣ ያው ባለጌው፣ መብራት ሲጠፋ አምፖሉስ በምን ይበራል ብሎ ጠየቀኝ። 14 ሰው ሳቀ። ቆጥሬዋለሁ።

ግን እዚያው መልስ ላይ ቁም ነገር አስከተለበት። ሁላችሁም የምታወሩት ስለሚሞቀው ግድግዳ ነው፤ አየሩን የሚያዞረው ግን ቀዝቃዛውም ግድግዳ ነው አለ። አምፖሉ ቢጠፋ እንኳ ብሎኬቱ አየሩን እያቀዘቀዘ ቁልቁል ማፍሰሱን አያቆምም። ሦስተኛ አምፖል ከመጨመሬ በፊት ሳጥኑን ከግድግዳው ላርቀው። ሁለተኛ ቺፑድ በቀኙ ልምታ፣ መካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በ2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት፣ የሬይሌ ቁጥሩ ከ4,000 በታች ነው። ቆሞ በሚውል ጠባብ ክፍተት ይህ ማለት አየሩ ዝም አለ ማለት ይቻላል። ሰፋ ያለ ይሻላል ብዬ 10 ሳንቲ ሜትር ካደረግኩት ቁጥሩ 125 እጥፍ ያድጋል፣ አየሩ መዞር ይጀምራል፣ የጨመርኩት ቦታ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በክዳኑ ላይ ግን ያንኑ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ እንዳልተው አስጠነቀቀኝ። እዚያ ሙቀቱ ከታች ነው የሚመጣው፣ የመምህሩ 1,708 የሚሠራው እዚያ ነው፣ ቁጥሩም አልፎታል። ክዳኑን በጭድም ቢሆን ሙላው አለ። መምህሩ በ27ኛው መልስ ይህን ቀድመው ተናግረው እንደነበር አስታወሱ። አልተናገሩም። ማንም አልተከራከራቸውም፣ ደግ አደረግን።

28 እና 29 የመኖ ዋጋ ነው። 30 ስድብ ነበር፣ ተነሥቷል።

31ኛው የእኔ ሪፖርት ነው። አምፖሎቹን ወደ ታች አወረድኩ፣ ቆርቆሮ ጋረድኩ፣ ሳጥኑን ከብሎኬቱ አራቅኩ፣ ቀኙን ደረብኩ፣ ክዳኑን ጭድ ሞላሁ። አንድም ዋት አልጨመርኩም። በሁለተኛው ቀን ግራው 38.8፣ ቀኙ 37.7። በሰንደል ደግሜ አየሁት። ጭሱ ከቆርቆሮው ኋላ ተስቦ ገባ፣ በላይ ወጣ፣ ጣሪያውን ታኮ ሄደ፣ በቀኝ ቀስ ብሎ ወረደ። ዙሩ ሞላ። ከዚያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ፋንም ገጠምኩ። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ሆነ። ፋን ሲኖር አየሩ ስለሚቀላቀል ሙቀቱን ወደ 37.6 ዝቅ አደረግኩት፤ በቆመ አየር ከ38.5 በላይ የሚመከረው በእንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ ነው። የፋን ደጋፊዎቹ ብለንህ ነበር አሉ፣ 32 እና 33። ለእኔ ግን ያለ ፋን 1.1 ማየቴ ይበልጥብኛል። ፋን ይነቀላል፣ ሽቦው ይበላሻል። ያኔ ሳጥኑ የቀኙን ረድፍ እንደ በፊቱ አይገድልም።

34ኛው መልስ ከእኚያ እናት ነው። ልጄ፣ አሁንስ አየኻቸው ወይ ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

በ7ኛው ቀን ማታ አየኋቸው። እንቁላሉን ባትሪው አፍ ላይ አቁሜ፣ አንድ በአንድ። ከ48ቱ 37ቱ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ሥር አላቸው። 11ዱ ባዶ ናቸው፤ ብርሃኑ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። ከ11ዱ 6ቱ በግራ ነበሩ። ይህን እንቁላል የገዛሁት በፊት ከገዛሁበት ሰው ነው። እንግዲህ ባለፈው በቀኙ ብርድ ሞቱ ካልኳቸው ስንቶቹ መጀመሪያውኑ ዘር አልነበራቸውም? ማወቂያ የለኝም፣ ሳልሰብር ጥያቸዋለሁ። ለእሳቸው 35ኛውን መልስ ጻፍኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ።

መልሱ ላይ ባለቤቴ 11ዱ ይበላሉ ወይ ብላ እንደጠየቀችኝ በወሬ መሐል አንስቼ ነበር። ከ36 እስከ 40 ያሉት ስለዚህ ናቸው። ሁለቱ ይበላል፣ ሁለቱ በጭራሽ ይላሉ። ባለጌው 7 ቀን 38 ዲግሪ ላይ የቆየ ነገር ለራስህ ጥበስ ብሎኛል። 11ዱ አሁንም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ናቸው።